ፖርቶ፦ ሪቤይራን ለማየት ከወንዙ በየትኛው በኩል ማረፍ ይሻላል?

ወደ ፖርቱጋሏ ፖርቶ የሄደ ሰው ሪቤይራን ሳያይ አይመለስም። ዶውሮ ወንዝ ዳር ያለው አሮጌው ሰፈር ነው። ቀጫጭንና ረጃጅም ባለቀለም ቤቶቹ፣ ከስር የታሰሩት ጀልባዎች፣ ከጎን ያለው ግዙፍ የብረት ድልድይ፤ የከተማዋ ፎቶ ተብሎ የምናየው ሁሉ የተነሳው እዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ልሂድ ወይስ ልቅር አይደለም። የት ልረፍ፣ በየት በኩል ልውረድ፣ ከየት ሆኜ ልየው ነው ጥያቄው።

ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ማረፊያ ስትፈልጉ ሁሉም ማስታወቂያ "ከሪቤይራ 5 ደቂቃ" ይላል። ኮረብታው ላይ ያለውም፣ ከወንዙ ማዶ ያለውም። ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ፖርቶ ገደል ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ካርታው ደግሞ ርቀቱን እንጂ ዳገቱን አያሳይም። አምስት ደቂቃው ቁልቁል ሲወርዱ ነው፤ ሻንጣ እየጎተቱ ሽቅብ ሲወጡ በእጥፍም አይበቃም።

አራት ምርጫ አወዳድራለሁ፦ ራሱን ሪቤይራን፣ ማዶ ያለውን ጋያን፣ በምዕራብ በኩል የሚቀጥለውን ሚራጋያን እና ከላይ ያለውን የሳኦ ቤንቶና የባታሊያ አካባቢ። የሆቴል ስም አልጠራም። ሰፈሩን ከመረጣችሁ ሆቴሉ አይጠፋም። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰኔ ስል ጁን፣ መጋቢት ስል ማርች ማለቴ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛ፣ ዳገትና ደረጃ። ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ከናንተ ጋር እናት ወይም አባት ካሉ፣ የሕፃን ጋሪ ካለ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ሌላውን መለኪያ ሁሉ ወደ ኋላ አድርጉትና መጀመሪያ ይህን እዩ። መንገዱ በአብዛኛው የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ድንጋዩ በዘመናት ብዛት ልሟል፤ ክረምታቸው ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናባማ ስለሆነ ያንሸራትታል። ሶሉ ያለቀ ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛ፣ የሌሊት ድምፅ። ሦስተኛ፣ እይታው። አራተኛ፣ ዋጋው። አምስተኛ፣ ከኤርፖርትና ከባቡር ጣቢያ ለመድረስ ያለው ቅለት። ዋጋን በዩሮ ቆርጬ አልነግራችሁም፣ ምክንያቱም በየወሩ ይለዋወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሁሉም ቦታ ይወደዳል። ማወቅ የሚጠቅመው የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ነው፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

ሪቤይራ ውስጥ ማረፍ

ጠዋት ላይ ሪቤይራን የሚያህል ቦታ የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አስጎብኚዎቹ ሰዉን እየመሩ ከመውረዳቸው በፊት፣ አደባባዩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አስተናጋጆች ወንበር ይደረድራሉ፣ የዕቃ መኪና ቢራ ያወርዳል፣ በቃ። እዚያው ያደረ ሰው ይህን ሰዓት በነፃ ያገኘዋል።

የሚታይ ነገርም ሞልቷል። ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ የሳኦ ፍራንሲስኮ ቤተ ክርስቲያን አለ። ውጪው ተራ ግራጫ ድንጋይ ነው። ስትገቡ ግን ከግድግዳ እስከ ጣሪያ በወርቅ የተለበጠ የእንጨት ቅርጽ ነው። በግራ በኩል ያለውን የእሴይን ዛፍ ሳታዩ እንዳትወጡ፤ ከተኛው እሴይ ላይ የበቀለው ግንድ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነገሥታቱን ተሸክሞ እስከ ድንግል ማርያም ይወጣል። ቅዱሳት ሥዕላትን እያየ ላደገ የኛ ሰው የሚነበብ ነገር ነው። አጠገቡ የድሮው የንግድ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ፓላሲዮ ዳ ቦልሳ አለ። የሚገባው በአስጎብኚ ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ያዙ።

እዚያው አካባቢ መርከበኞችን ወደ አፍሪካ ዳርቻ ይልክ የነበረው የፖርቱጋሉ ልዑል ኤንሪኬ በ1394 የተወለደበት ነው የሚባለው ቤት ይገኛል፤ የድሮ ጉምሩክ ነበር፣ አሁን ሙዚየም ነው። ፖርቱጋሎች በአፍሪካ ዳርቻ መርከብ እየላኩ ሲወርዱ ከሚፈልጓቸው ነገሮች አንዱ "ቄሱ ዮሐንስ" የሚሉት የክርስቲያን ንጉሥ ነበር። በኋላ ያ ንጉሥ የኢትዮጵያው ነው ብለው ወሰኑ። ያንን ይዞ ለሚገባ ሰው ቤቱ ትርጉም አለው፤ ካልሆነ ግን ጊዜ ካጠረ ሊታለፍ ይችላል።

ወንዙ ዳር ግድግዳ ላይ ደግሞ ትንሽ የነሐስ ቅርጽ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በመጋቢት 29 ቀን 1809 የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን ሲሰብር ሕዝቡ ወደ ጋያ ሊሻገር በጀልባ ላይ በተዘረጋው ድልድይ ላይ ተጨናነቀ። ድልድዩ ተሰበረ፣ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ቅርጹ ሰዎቹ ውኃ ውስጥ ሲወድቁ ያሳያል። ከሥሩ ዛሬም ሻማ ይበራል፤ የተቃጠለው ሰም በድንጋዩ ላይ ፈስሶ ታዩታላችሁ። እዚያ ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቁሙ።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ሌሊት ድምፅ አለ፤ በተለይ በበጋ ቅዳሜና እሁድ። አደባባዩን የሚያይ መስኮት የያዘ ክፍል ውድ ነው፣ እንቅልፍ ግን አይሰጥም። ቤቶቹ አሮጌና ጠባብ ናቸው፤ አሳንሰር የሌላቸው ብዙ ስለሆኑ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ታክሲ በር ድረስ የማይገባባቸው መንገዶች አሉ። የሜትሮ ጣቢያ የለም፤ ቅርቡ ሳኦ ቤንቶ ነው፣ እሱም ዳገት ላይ። ወንዙም አንዳንድ ክረምት ሞልቶ አደባባዩ ላይ ይወጣል።

አንድ ሌላ ነገር። ከአደባባዩ ጀርባ ወደ ድልድዩ ሲሄዱ ባሬዶ የሚባል የደረጃ ሰፈር አለ። ልብስ መስኮት ላይ የተሰጣበት፣ አሮጊቶች በር ላይ ቆመው የሚያወሩበት ነው። ብዙ ነዋሪ ከሪቤይራ ወጥቷል፤ ቤቱ የቱሪስት ማደሪያ ሆኗል። የቀሩት ሰዎች ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ሌሊት በደረጃው ስትወጡ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ሻንጣውን አንሱት እንጂ አትጎትቱት፣ የሰው ደጅ ላይ ቆማችሁ ወደ ውስጥ ፎቶ አታንሱ። እኛም አገር ሰው ደጃችን ላይ መጥቶ እንዲህ ቢያደርግ አንወድም።

ጋያ፣ ከማዶ

ብዙ ሰው ጋያን "ከፖርቶ ውጪ" ብሎ ይዘላታል። በአስተዳደር ልክ ነው፤ ቪላ ኖቫ ደ ጋያ የራሷ ከተማ ናት። በእግር ግን ድልድዩን መሻገር ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሪቤይራ የሚታየው ከሪቤይራ ሆኖ አይደለም። እዚያ ውስጥ ስትሆኑ የምታዩት ጋያን ነው። ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደራርበው እስከ ካቴድራሉ የሚወጡትን ለማየት መሻገር አለባችሁ። ሪቤይራ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ያገኘዋል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከባሕሩ በኩል ሲመጣ ቢጫውም ቀዩም ሰማያዊውም ይፈካል።

ጋያ በፖርት ወይን መጋዘኖቿ ትታወቃለች። ወይኑ የሚመረተው ከከተማዋ ርቆ ላይኛው ዶውሮ ሸለቆ ውስጥ ነው። ክልሉ በ1756 በመንግሥት ድንበር ተበጅቶለታል። በርሜሉ ራቤሎ በሚባሉ ጠፍጣፋ ጀልባዎች በወንዙ ወርዶ ጋያ ይከማች ነበር፤ ይህኛው ዳርቻ ወደ ሰሜን የዞረና የባሕር እርጥበት ያለው ስለሆነ ወይኑ ቀስ ብሎ ይበስላል። አሁን ጀልባዎቹ ለማሳያ ነው የቆሙት። መጋዘኖቹ ጉብኝት አላቸው፤ የሁሉም ታሪክ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱ ይበቃል። የማትጠጡ ከሆነም በርሜሎቹ የተደረደሩበት ጨለማ አዳራሽ መታየት ያለበት ነው፤ ቅምሻውን መተው ትችላላችሁ።

ማታ ጋያ ከሪቤይራ ቶሎ ይረጋጋል። ዋጋው የተዘበራረቀ ነው፤ ወንዙ ዳርና ከፍ ብሎ እይታ ያለው ሁሉ ውድ ነው፣ ከኋላ ባሉት መንገዶች ግን ከሪቤይራ የሚሻል ይገኛል። ደካማ ጎኑ ዳገት ነው። ሜትሮው ከላይ ጃርዲም ዶ ሞሮ ላይ ያወርዳችኋል፤ ወንዙ ደግሞ ታች ነው። በመሃል በ2011 የተከፈተ የኬብል ካር አለ፣ ደስ ይላል፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ ጉዞ ዋጋው ቀላል አይደለም። ለመሄጃ ብቻ ግዙ። ስለዚህ ማረፊያ ስትይዙ ላይኛው ጋያ ነው ወይስ ታችኛው ብላችሁ ጠይቁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ጃርዲም ዶ ሞሮ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ከሱ በላይ የሴራ ዶ ፒላር ገዳም አለ፤ ሰው ይቀንሳል፣ እይታውም ይበልጣል። የፖርቶ አሮጌ ከተማ፣ ድልድዩና ይህ ገዳም አብረው ናቸው በ1996 በዩኔስኮ የተመዘገቡት።

ሚራጋያ

ከሪቤይራ አደባባይ በምዕራብ በኩል ወንዙን ይዛችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ብትሄዱ ሚራጋያ ናችሁ። ቤቶቹ ቅስት ላይ ነው የቆሙት፤ ድሮ ወንዙ እስከ ደጃቸው ይደርስ ነበር። በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፊታቸው ትልቁ የጉምሩክ ሕንፃ ተሠራ፤ አሁን መሰብሰቢያና ሙዚየም ነው። ለዚህ ነው ሚራጋያ የወንዝ ሰፈር ሆኖ ወንዙ ብዙም የማይታየው።

ጸጥታ ትፈልጋላችሁ? ይህ ነው። ጠዋት ዳቦ የሚገዛ የሰፈር ሰው አለ፣ ዋጋውም ከሪቤይራ ይሻላል። ግን ሜትሮ የለም፣ ከኋላ ያለው ዳገት ጉልበት ይጨርሳል፣ የጎርፉ ስጋት እዚህም አለ። ሁለተኛ ጊዜ ለሚመለስ ሰው ወይም ረዘም ላለ ቆይታ ጥሩ ነው። ለሁለት ቀን ለመጣ ሰው ብዙም አልመክረውም።

ሳኦ ቤንቶና ባታሊያ፣ ከላይ

ከወንዙ ራቀ ብላችሁ አትናቁት። ሳኦ ቤንቶ ባቡርም ሜትሮም አለው። ጣቢያው ራሱ መታየት ያለበት ነው፤ አዳራሹ 20,000 ገደማ በሚሆኑ ሥዕል ባለባቸው ሰማያዊ ሴራሚኮች ተሸፍኗል። ከኤርፖርት በሐምራዊው መስመር ትሪንዳድ ድረስ፣ ከዚያ በቢጫው መስመር ሳኦ ቤንቶ። አንዳንቴ የሚባለውን ካርድ ከማሽን ገዝታችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ማስነካት እንዳትረሱ፤ ተቆጣጣሪ ካገኛችሁ ቅጣቱ ከባድ ነው።

ርካሽ አልጋ የሚበዛው እዚህ ነው። የወንዝ እይታ ግን የለም፤ የመንገድ ድምፅም አለ። ከዚህ ወደ ወንዙ መውረድ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ችግሩ። ለሱ መፍትሔ አለ፦ ጊንዳይስ የሚባለው ፉኒኩላር። ከድልድዩ ሥር ተነስቶ በሐዲድ ላይ ባታሊያ አጠገብ ያወጣችኋል። ቲኬቱ ለብቻው ነው የሚገዛው።

ዳገት ሳይወጡ መዞር

የትም ብታርፉ ይህን ዙር ያዙልኝ። ብዙ ሰው በተቃራኒው እየሄደ ነው የሚደክመው።

ከሳኦ ቤንቶ በካቴድራሉ በኩል ወደ ዶም ሉዊስ ድልድይ የላይኛው መተላለፊያ ሂዱ። ድልድዩ በ1886 የተከፈተ ነው፤ ንድፉ የኤፍል (የፓሪሱ ግንብ መሐንዲስ) የቀድሞ ባልደረባ የነበረው የቴዎፊል ሴይሪግ ነው፣ ቅስቱ 172 ሜትር ይሻገራል። ከላይ የሚያልፈው ሜትሮና እግረኛ ብቻ ነው። ሜትሮው ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ግን ፎቶ ላይ ሆናችሁ ሐዲዱ ላይ እንዳትቆሙ። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው መሃሉን ይያዝ። ማዶ ጃርዲም ዶ ሞሮ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኬብል ካር ወይም በእግር ቁልቁል ወደ ጋያ ወንዝ ዳር። እዚያ ተዝናኑ። ስትጨርሱ በታችኛው መተላለፊያ ተሻግራችሁ ሪቤይራ ግቡ። በመጨረሻ በፉኒኩላር ወደ ባታሊያ። ይኸው፣ አንድም የሚያስለፋ ዳገት አልወጣችሁም። ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ቤተ ክርስቲያንና መጋዘን ከጨመራችሁ ሙሉ ቀን።

በታችኛው መተላለፊያ ላይ ልጆች ሳንቲም እየሰበሰቡ ወደ ወንዙ ሲዘሉ ታያላችሁ። ገንዘብ ባትሰጡ ይሻላል። ወንዙ ቀልድ አያውቅም። የሪቤይራ ዱክ ይባል የነበረው ዲዮክሌሲያኖ ሞንቴይሮ፣ ከ1902 እስከ 1996 የኖረ የሰፈሩ ሰው፣ የተከበረው ከዚህ ውኃ ብዙ ሰዎችን በማውጣቱ ነው።

ጀልባስ? "ስድስቱ ድልድዮች" የሚባለው ጉዞ ወደ 50 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከሪቤይራም ከጋያም ይነሳል። የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፣ ጉዞው ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀድሞ የሚነሳውን ያዙ። በ1877 የተሠራውን የኤፍልን ድርጅት የማሪያ ፒያ ድልድይ በቅርብ የምታዩት በሱ ነው። መራመድ ለማይችል ሰው ከምንም በላይ የምመርጠው እሱን ነው።

ስለ ምግብ፣ በተለይ ለኛ

ወንዝ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች በሁለቱም በኩል የምትከፍሉት ለእይታው ነው። ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቡ ዋጋው ይወርዳል። ሳታዙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ዳቦ፣ ወይራና ቺዝ በነፃ አይደለም። ካልፈለጋችሁ ሳትነኩ መልሱት፤ ያላዘዛችሁትንና ያልነካችሁትን ማስከፈል አይችሉም።

አሳማ የማትበሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። የከተማዋ ዝነኛ ሳንድዊች ፍራንሴዚኛ በውስጡ ቋሊማና ሃም (የአሳማ ሥጋ) አለው፣ መረቁም ቢራ አለበት። ጨጓራ በባቄላ የሚሠሩትም አሳማ ይገባበታል። ጎመንና ድንች ያለበት ካልዶ ቬርዴ ሾርባ ለኛ አፍ ይስማማል፤ ግን ቋሊማ ጣል ያደርጉበታል፣ "ሴም ሾሪሱ" ብላችሁ እዘዙ፣ መረቁ አብሮ የተቀቀለ እንዳይሆንም ጠይቁ። ደህናው ምርጫ አሳ ነው፦ ሰርዲን፣ ባካልያው (በጨው የደረቀ ኮድ አሳ)፣ ኦክቶፐስ። ጊዜ ካላችሁ በጋያ በኩል ወደ ባሕሩ ወርዳችሁ አፉራዳ የምትባለው የአሳ አጥማጆች መንደር ሂዱ፤ ከሰል ላይ የተጠበሰ አሳ እዚያ ነው።

በአጭሩ

| መለኪያ | ሪቤይራ | ጋያ | ሚራጋያ | ሳኦ ቤንቶ/ባታሊያ |
|---|---|---|---|---|
| ዳገት | ወንዙ ዳር ሜዳ፣ መውጫው ከባድ | ላይና ታች፣ መሃሉ ከባድ | ወንዙ ዳር ሜዳ፣ ከኋላ ከባድ | ቀላል፣ በፉኒኩላር |
| የሌሊት ድምፅ | ብዙ | መካከለኛ | ትንሽ | መካከለኛ |
| እይታ | ወንዙና ጋያ | ከሁሉ የተሻለው | ውስን | የለም |
| ዋጋ | ውድ | የተደባለቀ | መካከለኛ | ርካሽም አለ |
| ትራንስፖርት | ሜትሮ የለም | ሜትሮ ከላይ | ሜትሮ የለም | ሜትሮና ባቡር |

ለማን የቱ?

ወላጅ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ሳኦ ቤንቶ ወይም ባታሊያ፣ አሳንሰር ያለው ቤት። እይታው ከቀረባችሁ በጀልባው ትክሱታላችሁ።

አዲስ ተጋቢዎች ከሆናችሁ፣ ወይም ኪሳችሁ ከፈቀደ፣ ጋያ ወንዙን የሚያይ ክፍል። አንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን ያዋጣል።

ከጓደኞች ጋር ለመጨፈር የመጣችሁ ሪቤይራ ወይም ከላይ ያለው አካባቢ፤ ምክንያቱም በሌሊት በእግር ትመለሳላችሁ።

ኪስ ከጠበበ ከላይ እረፉ፣ በእግር ተሻገሩ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ድልድዩም እይታውም አያስከፍልም።

ከሊዝበን ለአንድ ቀን ብቻ የምትመጡ፣ ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ካምፓኛ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ በዚያው ቲኬት ሳኦ ቤንቶ ድረስ ቀጥሉ፣ ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን ዙር ያዙ። የመመለሻውን ባቡር አመሻሹ ላይ አድርጉት፤ ቀደም ካላችሁ የጋያን የከሰዓት ብርሃን ታጣላችሁ።

ሰኔ 23 ሌሊት ለሚሄዱ ደግሞ ምክሩ ይገለበጣል። የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነው፤ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ በፕላስቲክ መዶሻ የአላፊ አግዳሚውን ጭንቅላት ይመታል፣ በየደጁ ሰርዲን ይጠበሳል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ወንዙ ላይ ርችት ይተኮሳል። በዚያ ሰዓት ድልድዩ ይዘጋል፣ የመሻገር ተስፋ የለም። ስለዚህ ርችቱን ለማየት በመረጣችሁት በኩል እደሩ፤ ክፍሉንም ከወራት በፊት ያዙ።